ወንዶቹ ጉፒዎች ሴቶቹን ዕረፍት ሲነሷቸው፦ በ60 ሊትር አኳሪየም ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት?

ጥያቄው በአጭሩ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ 60 ሊትር አኳሪየም (60 በ30 በ35 ሳንቲ ሜትር) ከሁለት ወር በፊት ስድስት ወንድና ሦስት ሴት ጉፒ የምትባለውን ትንሽ የጌጥ ዓሣ አስገብተዋል። አንዷ ሴት በወለደች ማግስት ሞተች። ሌላዋ ከፊልተሩ ጀርባ ተሸጉጣ ለምግብ እንኳ አትወጣም፤ ጭራዋም ተቦጫጭቋል። ጫጩቶቹ በተወለዱ በሁለተኛው ቀን ድራሻቸው ጠፋ። ሻጩ «ሁለት ሴት ይጨምሩበት» ብሎዎታል። ልጨምር ወይ? ትክክለኛው ቁጥርስ ስንት ነው? ብለው ጠይቀዋል።

መልስ፦ አሁን አይጨምሩ። ሁለት ሴት ቢጨመር ስድስት ወንድ ለአራት ሴት ይሆናል፤ አሁንም ወንዱ በዛ ማለት ነው። በዚያ ላይ የጉፒ ወንድ አዲስ ገቢ ይወዳል። አብራው ከከረመችው ይልቅ ትናንት የገባችውን ያሳድዳል፤ ስለዚህ ሁለቱ አዲሶች በመጀመሪያዎቹ ቀናት የስድስቱን ወንድ መከራ ይሸከማሉ። መጀመሪያ ወንድ ይቀነሳል፣ ሴት የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ዛሬ ማታ ግን ሴቶቹን ማሳረፍ ይቀድማል። ሁለተኛ ገንዳ ከሌለዎት በዚያው ውስጥ መከፋፈል ይበቃል። ለመስኮት ትንኝ መከላከያ የሚሸጠውን የፕላስቲክ መረብ ይግዙ። የብረቱ አይሆንም፤ ዚንክ የተቀባው ውኃውን ይመርዛል፣ ያልተቀባውም ይዝጋል። መረቡን ኤሌክትሪሻኖች ገመድ በሚሸፍኑበት ነጭ ፕላስቲክ ዙሪያውን ወጥረው ከመስታወቱ ስፋት ጋር ልክ አድርገው ያቁሙት። ከታች ጠጠር ውስጥ 2 ሳንቲ ሜትር ይግባ፣ ከላይ እስከ ክዳኑ ይድረስ፤ ጉፒ ዘላይ ስለሆነ ከውኃው በላይ ክፍት ቦታ ከተተወ ወንዶቹ ሲነጋ ማዶ ተሻግረው ያገኟቸዋል። ሁለት ሦስተኛው ለሴቶቹ፣ አንድ ሦስተኛው ለወንዶቹ ይሁን። ፊልተሩና ሂተሩ በሴቶቹ በኩል ይቆዩ፣ በወንዶቹ በኩል የአየር ድንጋይ (የፓምፑ አየር አረፋ ሆኖ የሚወጣበትን) ያስገቡ። ይህ የሳምንት መፍትሔ ነው እንጂ ቋሚ ኑሮ አይደለም። መረቡ በአልጌ ሲደፈን የወንዶቹ ወገን ውኃ ይቆሽሻልና በሦስት ቀን አንዴ በጥርስ ብሩሽ ይጥረጉት።

አሁን ወደ ምክንያቱ። የጉፒ ወንድ ሴት የሚቀርብባቸው ሁለት መንገዶች አሉት፤ ለይቶ ማየት ይጠቅማል። አንደኛው ማባበል ነው። ከሴቷ ፊት ይመጣል፣ ክንፉንና ጭራውን ይዘረጋል፣ ሰውነቱን በጎን አጥፎ ይንቀጠቀጣል። ሴቷ ከፈለገችው ቀስ ብላ ወደ እሱ ትንሳፈፋለች፤ ካልፈለገችው ዞር ትላለች፣ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ሁለተኛው ስርቆሽ ነው። ምንም ሳያሳይ ከኋላና ከታች ይመጣል፣ ጎኖፖዲየም የሚባለውን ወደ መራቢያ ዘንግነት የተለወጠ፣ ከሆዱ ሥር ከፊንጢጣው ኋላ ያለ ክንፉን ወደ ፊት አዙሮ ይወጋታል፣ ይሸሻል። በትሪኒዳድ ወንዞች፣ ማለትም ዓሣው በተፈጥሮ በሚኖርበት፣ አንዲት ሴት በደቂቃ አንድ ጊዜ ያህል እንዲህ ያለ ሙከራ ይደርስባታል። እዚያ ግን የምትሸሽበት ወንዝ አላት። ከወንዶች ለማምለጥ አዳኝ ዓሣ ወዳለበት ጥልቅ ውኃ እስከ መግባት የሚደርሱ ሴቶች በተመራማሪዎች ታይተዋል። የእርስዎ ሴት ከፊልተሩ ጀርባ መግባቷ ያው ሽሽት ነው።

ስልክዎን ከመስታወቱ ፊት አቁመው 10 ደቂቃ ይቅረጹና ኋላ ተረጋግተው ይመልከቱት፤ ሰው ቆሞ ሲያያቸው ምግብ የመጣ መስሏቸው ጠባያቸው ይለወጣል። ወንዱ ስንቴ ሞከረ የሚለውን መቁጠር ብዙም አይጠቅምም። የሚታየው ሴቷ አንድ ሙሉ ደቂቃ ሳትባረር ምግብ መልቀም መቻሏ ነው። ካልቻለች፣ ክንፏን ከሰውነቷ አጣብቃ ከያዘች፣ ከራሷ ኋላ ያለው ጀርባዋ ከቀጠነ፣ የወንድና የሴቱ ሬሾ በወረቀት ላይ ምንም ያህል ቢያምር ለእሷ በዝቶባታል።

ስለ ሬሾው። በየቦታው የሚነገረው «ለአንድ ወንድ ሁለት ወይም ሦስት ሴት» ትክክል ነው፤ የወንዶቹ ትኩረት ስለሚከፋፈል አንዷ ብቻ አትደክምም። ግን አንድ ነገር ተሸፍኖ ይቀራል፦ በጉፒ ገንዳ ውስጥ ይህ ሬሾ በራሱ አይቆይም። ፆታቸው እንደ ሰው በኤክስና ዋይ ክሮሞዞም የሚወሰን ስለሆነ ከሚወለዱት ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ ወንድ ነው። እናስላው። ሁለት ወንድና አምስት ሴት ቢይዙና እያንዳንዷ በወር 25 ብትወልድ 125 ጫጩት ነው። ትልልቆቹ አብዛኛውን በልተው ከአሥር አንድ ቢተርፍ በወር 12፣ በሦስት ወር 36 ይሆናል፤ ከእነዚያ 18ቱ ወንድ ናቸው። ሁለት ለአምስት ብለው የጀመሩት ገንዳ 20 ወንድ ለ23 ሴት ሆኖ ቁጭ ይላል። ለዚህ ነው ጥያቄውን ከቁጥሩ በፊት ከሌላ ቦታ የምጀምረው፦ ጫጩት ይፈልጋሉ ወይስ አይፈልጉም?

ካልፈለጉ ወንድ ብቻ ይያዙ። ለ60 ሊትርና አንድ ገንዳ ብቻ ላለው ሰው ያለ ማመንታት የምመክረው ይህንን ነው። ቀለሙም ያለው በወንዱ ነው። ቁጥሩ ከስድስት አይነስ፣ ስምንት ቢሆን ይሻላል። ሦስት ወንድ ብቻ ሲሆኑ ሁለቱ ተባብረው ደካማውን ይዘው ይውላሉ፤ ስምንት ሲሆኑ ማሳደዱ ይበታተናል፣ አንዱ ለይቶ አይጎዳም። ወንዶቹ እርስ በርስ ክንፍ ይዘረጋጋሉ፣ ይገፋፋሉ፣ ይህ የተለመደ ነው፤ ጭራ መንከስ ከጀመረ ነካሹን ለይተው ያውጡ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው። «ለማድመቂያ» ብለው አንዲት ሴት እንዳያስገቡ፤ ጎን ለጎን በተቀመጠ ሌላ ገንዳ ውስጥ ሴት ማየታቸው ብቻ እንኳ ያነሣሣቸዋል። ያሉዎትን ሁለት ሴቶች ለሚያራባ ሰው ይስጡ። ሲሰጡ ደግሞ ያለ ወንድ እንደሚወልዱ ይንገሩት፤ የጉፒ ሴት ከአንድ ጊዜ የተቀበለችውን ዘር አስቀምጣ ለብዙ ወራት በተከታታይ መውለድ ትችላለች። ሴት ብቻ መያዝ ጫጩት ያስቀራል የሚለው ሐሳብ የሚፈርሰውም እዚህ ላይ ነው። ሱቅ ውስጥ ከወንድ ጋር የዋለች ጎልማሳ ሴት ሁሉ አርግዛለች ብለው ይያዙ።

ጫጩት ከፈለጉ ሁለት ወንድና አምስት ወይም ስድስት ሴት ይበቃል፤ ከአራቱ ትርፍ ወንዶች ደግሞ ይሰናበቱ። ከስድስቱ የትኞቹን ሁለት ላስቀር ካሉ፣ ትልቅ ጭራ ያለው በማሳደድ ቶሎ ይደክማል፤ ጭራው አጭር የሆነው ፈጣን ነው፣ ሴቶቹን የሚያስመርረውም እሱ ነው። ሴቶቹን አንድ በአንድ በየሳምንቱ አያስገቡ፤ ሁሉንም በአንድ ቀን፣ ከተቻለም ለሁለት ሳምንት ለብቻ አቆይተው ጤናቸውን ካዩ በኋላ ያስገቡ። በሚያስገቡበት ቀን ወንዶቹን ለሁለት ሰዓት በባልዲ ያውጡ፣ የጌጥ ድንጋዩንና እፅዋቱን ቦታ ይለውጡ፣ ሴቶቹን ያስገቡ፣ መብራቱን ያጥፉ፣ ወንዶቹን በመጨረሻ ይመልሱ። መጠናቸውም ይመጣጠን። ገና 2 ሳንቲ ሜትር የሆነች ታዳጊ ሴት ከጎልማሳ ወንድ ጋር መግባት የለባትም፤ ለማርገዝ ትደርሳለች፣ ለመሸከም ግን ሰውነቷ አልጠናም።

የገንዳው አቀማመጥ ከቁጥሩ እኩል ይሠራል። ባዶ መስታወት ውስጥ ወንዱ ሴቷን ከዳር እስከ ዳር ያያታል። ስለዚህ መሐል ላይ እይታ የሚያቋርጥ ነገር ያስፈልጋል፦ ቁመቱ ከውኃው ግማሽ የሚያልፍ እፅዋት ወይም ድንጋይ፣ አንድ ሳይሆን ሁለት ቦታ። ሥር የማይፈልግ ተንሳፋፊ ተክል ካገኙ ጥሩ፤ ካላገኙ የሹራብ አክሪሊክ ክር በ25 ሳንቲ ሜትር ቆርጠው 50 ያህሉን አንድ ላይ አስረው ከቡሽ ላይ ያንጠልጥሉት። በሙቅ ውኃ ይታጠብ እንጂ ሳሙና አይንካው። እንዲህ ያለ ሦስት ጉንጉን የገንዳውን አንድ ማዕዘን ወደ መደበቂያነት ይለውጠዋል። ፊልተሩ ውኃ የሚያስወጣበትን አፍ ደግሞ በርዝመቱ በኩል ያዙሩት፤ ትልቅ ጭራ ያላቸው ወንዶች ወራጅ ውኃ ውስጥ ብዙ አይቆዩም፣ ሴቶቹ ግን ይችሉታል፤ ሄደው የሚያርፉበት መስመር ይሆንላቸዋል።

መብራት በቀን 8 ሰዓት ይበቃል፣ በታይመር ይሁን። ጉፒ በብዛት የሚያባብለው ደብዘዝ ባለ ብርሃን፣ ጧትና አመሻሽ ላይ ነው። የሳሎን መብራት እስከ እኩለ ሌሊት በሚበራበት ቤት ያ የአመሻሽ ሰዓት ይረዝማል፣ ሴቶቹም አያርፉም። ማታ ገንዳው ላይ ጨርቅ ጣል ማድረግ በቂ ነው። ምግብ በሁለት ዳር በአንድ ጊዜ ይበተን፣ በቀን ሁለቴ፣ በአንድ ደቂቃ የሚያልቅ ያህል።

ሙቀቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አዲስ አበባ ላይ ብዙ ጉፒ የሚሞተው በዚህ ነው። ሂተር በሌለው ቤት የገንዳ ውኃ ሌሊት ከ18 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል፤ የደከመች ሴት ይህን አትቋቋምም። በተቃራኒው 28 ዲግሪ አድርጉት የሚለው ምክርም እዚህ አይሠራም። ከተማው 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። በባሕር ጠለል 25 ዲግሪ የሆነ ውኃ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ያው ውኃ የሚይዘው 6 ያህል ብቻ ነው። ውኃ ሲሞቅ ኦክስጅኑ ይቀንሳል፣ ዓሣው ደግሞ ይበልጥ ይፈልጋል፣ ወንዶቹም ይፈጥናሉ። ብዙ ጫጩት የተሸከመች ሴት ከላይ ተለጥፋ የምትተነፍሰው በዚህ ጊዜ ነው። 24 ዲግሪ ላይ ያቁሙት፤ ለ60 ሊትር ከ50 እስከ 75 ዋት ሂተር ይበቃል። የአየር ፓምፕ ሌሊት አይጥፋ። መብራት ከሄደ ገንዳውን በብርድ ልብስ ይሸፍኑ፣ ምግብ አይስጡ፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ያዘጋጁ።

ውኃውን በሳምንት ሩቡን ይቀይሩ። የቧንቧው ክሎሪን አለው፤ አፉ ሰፊ በሆነ ሳፋ 24 ሰዓት፣ በተለይ የአየር ድንጋይ ገብቶበት፣ ቢቆይ ይተናል። ሲጨምሩ የሙቀቱ ልዩነት ከ2 ዲግሪ አይብለጥ። ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጡት መርዞች፣ አሞኒያና ናይትራይት፣ 0 መሆን አለባቸው፤ ገንዳው ሁለት ወር ብቻ ስለሆነው ይህን ሳይለኩ ሞቱን ሁሉ በወንዶቹ ላይ አያላክኩ። ጉፒ ማዕድን ያለው ውኃ ይወዳል፣ ፒኤቹም (የአሲዳማነቱ መለኪያ) ከ7 እስከ 8። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ የሚመጣውና ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ውኃ በማዕድን ስለሚለያዩ የሰፈርዎን ይለኩ። ጥንካሬው፣ ጂኤች የሚባለው፣ ከ6 በታች ከሆነ አንድ እፍኝ የተሰበረ የባሕር ዛጎል በስስ ከረጢት አድርገው ፊልተሩ ውስጥ ያኑሩ። የግድግዳ ኖራ ግን እንዳይሞክሩ፤ ፒኤቹን በአንዴ ሰቅሎ ሁሉንም ይጨርሳል።

ስለ ሞተችው ሴት። ጉፒ ከወለደች በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ዳግም ለመፀነስ ዝግጁ ናት፤ ወንዶቹም ይህን ያውቃሉና ሁሉም በእሷ ላይ ይረባረባሉ። በወለደች ማግስት፣ ባዶ ሆድ፣ ስድስት ወንድ ሲያሳድዳት መሞቷ አያስገርምም። መፍትሔው ልደቱን መጠበቅ ነው። እርግዝናው በ24 ዲግሪ አራት ሳምንት ገደማ ይፈጃል፣ ውኃው ሲቀዘቅዝ ይረዝማል። በሆዷ ጫፍ ያለው ጥቁር ነጥብ ሲሰፋ፣ ሆዷ ከፊት በኩል ከክብነት ወደ አራት ማዕዘንነት ሲሄድ፣ ምግብ ትታ ጥግ ስትይዝ ከአንድ ሁለት ቀን አይበልጥም። ያን ጊዜ በመረቡ ማዶ ክሩ ካለበት ዘንድ ይለዩዋት፤ ከወለደች በኋላ ሦስት ቀን ጥሩ ምግብ አግኝታ ትመለስ። በገበያ ያለችው ጠባብ የመውለጃ ሣጥን ለጥቂት ሰዓት እንጂ ለቀናት አትሆንም፤ ቀድማ የገባች ሴት ተጨንቃ ልደቱን ታዘገያለች ወይም ትጨነግፋለች።

ጫጩቶቹን የበሉት ወንዶቹ ብቻ አይደሉም፣ እናቶቹም ናቸው። ጥቂት ብቻ እንዲተርፉ ከፈለጉ ክሩ ይበቃል። ሁሉም እንዲተርፉ ካሻዎት 20 ሊትር የሆነ ሌላ ዕቃ፣ የስፖንጅ ፊልተርና ሂተር ያስፈልጋል፤ በቀን ሦስት አራት ጊዜ በጣት የደቀቀ ምግብ ይስጧቸው። የተቀቀለ እንቁላል አስኳል ያሳድጋቸዋል፣ ግን ከመርፌ ራስ የበለጠ ከሰጡ ውኃው በአንድ ቀን ይሸታል።

ሬሾውን በእጅዎ የሚያደርገው ፆታ ቶሎ መለየት ነው። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ጫጩቱን በጠባብ ብርጭቆ አድርገው በስልክ ካሜራ አጉልተው ከሆዱ ሥር ከፊንጢጣው ኋላ ያለውን ክንፍ ይመልከቱ። የሴቷ እንደ ማራገቢያ ሰፊና ሦስት ማዕዘን ሆኖ ይቀጥላል፣ ከእሱ በላይም ጥቁሩ ነጥብ ይታያል። የወንዱ መጥበብና መሾል ይጀምራል። ቀለም እስኪወጣ አይጠብቁ፤ ቀለም ሲደምቅ ወንዱ ለመራባት ደርሷል፣ እህቶቹንም አይለይም። በአራተኛው ሳምንት ይለያዩ፣ ከዚያ በየሳምንቱ የሴቶቹን ወገን ደግመው ይፈትሹ። ዘግይቶ የሚታወቅ ወንድ ሁልጊዜ አይጠፋም፣ አንድ ብቻ ቢያመልጥዎት የሴቶቹ ወገን በሙሉ ያረግዛል።

ትርፉን ለሱቅ ወይም ለወዳጅ ይስጡ። ወንዝ፣ ኩሬ ወይም ሐይቅ ውስጥ በፍጹም አይልቀቁ። ለትንኝ መከላከያ ተብሎ በየአገሩ የተለቀቀው ጉፒ የአካባቢውን ዓሣ የሚሻማ ወራሪ ሆኖ ቀርቷል፤ እንደ ጣና ሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች ያሉበት ውኃ ባለበት አገር ይህ ቀልድ አይደለም።

ጭራዋ የተቦጫጨቀው ሴት በተለየች በአምስት ቀን ውስጥ ወጥታ መብላት አለባት። ጭራዋ እስኪያገግም በሊትር 1 ግራም ጨው፣ በሌላ ዕቃ በሟሟ ውኃ፣ ቀስ ተብሎ ይጨመር፤ ውኃ ሲቀይሩ በቀየሩት ልክ ብቻ ይተኩ። ወንድ ሳይነካት አሁንም ካልበላች ነገሩ በሽታ ነው። ባለችበት ቆማ የምትወዛወዝ ከሆነ ሙቀቱንና የማዕድኑን መጠን ይፈትሹ። ጀርባዋ ላይ ነጣ ያለ እንደ ኮርቻ የተጣለ ምልክት ካለ በባክቴሪያ የሚመጣ ፈጣን በሽታ ስለሆነ ያኔውኑ ከሌሎቹ ትለይ። ከፊንጢጣዋ ቀይ ክር የመሰለ ነገር ብቅ ካለ ትል ነው፤ ሌቫሚሶል የተባለው የትል መድኃኒት ይሠራበታል፣ በሊትር 2 ሚሊ ግራም ለ24 ሰዓት፣ መብራት ጠፍቶ። ከዚያ ወለሉን በቱቦ መጥጠው ግማሹን ውኃ ይቀይሩ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላም ይድገሙት። ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ሲገዙ ሌቫሚሶል ብቻ ያለበትን ይምረጡ፤ ለከብት የሚሸጡት ብዙዎቹ ሌላ መድኃኒት ተቀላቅሎባቸዋል።